አባን ጥሩልኝ

ባለፈው ሰሞን ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ ልጇ ወልዳላት አጃ ስትቆላ፣ ሽታው በደረጃው ወርዶ ቤቴ ገባ። የአጃ አጥሚት የአራስ ምግብ ነው። ሌላ ሰው ሲሸተው «ማን ወለደች?» ብሎ ደስ ይለዋል። እኔ መስኮት ከፈትኩ። በኋላ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ለማለት ስወጣ ጎረቤቴ ፊቴን አይታ ያመመኝ መስሏት ወንበር ሳበችልኝ። አላመመኝም። የሸተተኝ ደብረ ብርሃን ነው፤ የሆስፒታሉ ግቢ፣ የእታለም አልጋ፣ በእናቴ አሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ የሚሄደው ፔርሙስ።

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ ካለ አንድ ደብር አጠገብ ነው የምትኖረው። ባሏ የደብሩ ቄስ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ልጅ ስላልነበራት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን ከጎረቤላ እየወሰደች ታከርመኝ ነበር። ክፉ አልነበረችም፣ ስስታምም አልነበረችም፤ በጾም ግን ቀልድ አታውቅም። እናቴ «ቅቤ የነካው ማንኪያ ከማዶ ይሸታታል» ትላለች፤ በሌለችበት ደግሞ «የጾም ዘበኛ» የሚል ስም አውጥታላት ነበር። አንድ ዓመት በፍልሰታ ትክትክ ይዞኝ እናቴ ወተት ስታጠጣኝ እታለም ድንገት ደረሰች። «ነፍስ ላወቀ ልጅ!» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ እስከ መስቀልም ቤታችን ድርሽ አላለችም። ለመታረቅ የሄደችው እናቴ ናት። ይህን የማነሳው ሟች ለማማት አይደለም፤ ያለዚህ የዚያ ዓመት ነገር አይገባም።

ድርቁ ባለፈ በማግስቱ ዓመት ነው፣ በደርግ ጊዜ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እታለምን ሆዷን ያማት ጀመር፤ ቆይቶ ከእንብርቷ በላይ እብጠት ወጣ። ጠበሉም ተሞከረ፣ የአገር መድኃኒቱም ተሞከረ። በመጨረሻ የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን እስከ ጎረቤላ አወጧት፤ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሄድን። ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ተጽፎላት ነበር። እኔ በሽታው ይለፍላት ብለው የጻፉላት መስሎኝ ሊቀ መንበሩን እጅ ነስቼ አመሰገንኩት፤ ሰውዬው ሳቀብኝ። እናቴ ከትምህርት ቤት አስቀርታ ያስከተለችኝ፣ እሷ ምግብ ስታበስል ከእታለም ጋር የሚቀመጥ ሰው ስላስፈለጋት ነው።

ያረፍነው ጋሽ ከተማ ቤት ነው። ጋሽ ከተማ የሁለቱም ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚያው ከተማ ውስጥ አንድ የመንግሥት መጋዘን ይሠራ ነበር። የውይይት ክበብ ገብቶ ስለ ሃይማኖት ከንቱነት ሲያጨበጭብ ይውልና፣ ቤቱ ሲገባ ሽሮውን ያለ ቅቤ ይበላል። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እታለም ናት። ስሟ ሲነሳ ዓይኑ ይሞላል።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ጠዋት በሆስፒታሉ ግቢ ስናልፍ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ግን የመድኃኒቱ፣ የብርድ ልብሱና ሰው ሁሉ ከቤቱ ያመጣው የስንቅ ሽታ ተቀላቅሎ ሞቅ ይላል። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ጡንቻቸው የፈረጠመ ገበሬና ወዛደር ጡጫቸውን አንስተው ይታያሉ። እኔ እዚህ ታክመው የዳኑ ሰዎች መሰሉኝ። እታለም እንደነሱ እስክትሆን ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ይሆን እያልኩ አንጋጥጬ አያቸው ነበር።

ከእታለም ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ እትዬ ዘሃራ የምንላት የአሊዩ አምባ ሴት ተኝታለች። እግሯ ቆስሎ አልድን ብሏት ነው። ባሏ በርበሬና ጥጥ የሚነግድ ረጅም ሰው ነው፤ ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር እጇን ይዞ «አፉ በይኝ ዘሃራ» ይላታል፤ ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። እሷም «አፉ ብያለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ» ትለዋለች። እኔ፣ ይሄ ሰውዬ ቤት ብቻውን ሆኖ በየቀኑ ምን እያጠፋ ይሆን ብዬ ታዘብኩት። አንድ ቀን ጠየቅኋት። እስኪያስላት ሳቀች።

«አይ ልጄ! ባያጠፋስ? ሰው ታሞ ተኝቶ ነገር ለነገ አይቀመጥም። ነገ መተያየታችንን አላህ ነው የሚያውቅ።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። በእኛ አልጋ በኩል እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታም አይነገርም። የእኛ ሕግ ሌላ ነው። የሚጠይቃት ሰው ሁሉ ገና ከበሩ «ውይ፣ ፊቷ ተመለሰ!» ይላል። አንዲት ዘመዳችን ከጎረቤላ መጥታ፣ ከእግርጌ ቆማ፣ «አሁንማ ልንድርሽ ነው!» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ወዲያው ኮሪደር ወጥታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስታለቅስ አየኋት። ጥርሷን ያመማት መሰለኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል በእኛ አገር። ተረቱ የሚመክረው በሽተኛውን ነው፤ ከበሽተኛው ለሚደብቁት ያስቀመጠው ቃል የለም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ችኩል፣ ግን ክፉ ያልሆነ። ጠዋት ሲዞር የእታለምን ሆድ ነካ ነካ አድርጎ «በርቺ እማማ! ምግብ ብዪ!» ይላትና ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ዋናውን ነገር የተናገረው ለጋሽ ከተማ ነው፤ ኮሪደር ላይ፣ እኔ ፔርሙሱን ታቅፌ አጠገባቸው ቆሜ። እብጠቱ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት፤ ያ የሚሆነው አዲስ አበባ ነው፤ አሁን ባላት አቅም ግን ኦፕራሲዮኑን አትችለውም። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ትብላና ሰውነቷ መለስ ካለ እልካታለሁ አለ።

«ካልሆነስ?» አለ ጋሽ ከተማ።

ሐኪሙ የጋዋኑን ቁልፍ ነካካ።

«እሷ ባትሰማው ዶክተር። ስለ ቢላዋ ከሰማች በድንጋጤ ነው የምትሞተው። ሆደ ቡቡ ናት።»

«እንዳላችሁ» አለ ሐኪሙ። የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር።

እታለም ሆደ ቡቡ! ባሏ የሞቱ ዓመት በረቷ የገባ ጅብ በዱላ ያባረረች ሴት ናት። ሆደ ቡቡው እሱ ነው። እንዲህ ሆኖ፣ እታለም የምታውቀው ሁዳዴ ውስጥ መሆኗንና አንድ ልጅ እግር ሐኪም ጠዋት ጠዋት «ብዪ» እንደሚላት ብቻ ነው። ለምን መብላት እንዳለባት የነገራት የለም።

እናቴ በመጀመሪያ እንቁላል ቀቅላ ልጣ አቀረበችላት። እታለም ወደ ቀሩት አልጋዎች ዓይኗን ወረወረች፣ ከዚያ ጨፈነችው።

«ተይ እባክሽ፣ አታሳፍሪኝ» አለች። ቀስ ብላም፣ «አባን ጥሩልኝ» አለች።

አባ ገብረየስ የንስሐ አባቷ ናቸው፤ የባሏ ጓደኛ የነበሩ፣ የዚያው የደብሩ ቄስ። እናቴ እንቁላሉን ወደ ሳህኑ መለሰችው። በእኛ ዘንድ በሽተኛ የንስሐ አባቱን ካስጠራ ተስፋ ቆረጠ ማለት ነው። ዘመድም ቄስ ከጠራ፣ በሽተኛውን «አለቀልህ» ብሎ እንደመንገር ይቆጠራል። ስለዚህ ቄሱ የሚጠሩት በሽተኛው ሰው መለየት ሲያቅተው ነው፤ ከዚያ በፊት የጠራ ዘመድ ጨካኝ ይባላል።

«ደግሞ ለዚች!» አለች እናቴ፣ ሳቅ እየሞከረች። «ስትድኚ በእግርሽ ሄደሽ ትሳለሚያቸዋለሽ።»

«የምነግራቸው አለኝ።»

«ይደርሳል፣ ምን አስቸኮለሽ?»

እኔ በበኩሌ አባን አጥብቄ እፈራቸው ነበር። እታለም ዘንድ ስከርም ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው የገቡበት ቤት ሁሉ ሲቆይ ለቅሶ ይወጣበታል። ስለዚህ ሞትን የሚያመጡት እሳቸው ናቸው፣ ነፍስ የሚያወጡትም በመስቀላቸው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። እናቴና ጋሽ ከተማ «ቄስ ካየች አበቃላት» ሲባባሉ ስሰማ፣ ትልልቆቹም ይህን ያውቃሉ ማለት ነው ብዬ ተረጋጋሁ። አሁን ሳስበው የእኔና የእነሱ ሐሳብ ያን ያህል የሚራራቅ አልነበረም።

እናቴ ምግብ ልታበስል ስትሄድ እኔና እታለም ብቻችንን እንቀራለን። ያኔ እታለም ሌላ ሰው ትሆናለች። ጸጉሬን በጣቶቿ እየፈታች ስለ ጓሮዋ ታወራኛለች። በልጉ ሳያልፍ ሽንኩርት መትከል ፈልጋለች። አጥሩ በአንድ በኩል ስለላላ የጎረቤት ፍየል እንዳይገባ ሰው እንዲያጠብቀው ለእናቴ ንገሪልኝ አለችኝ። ድንቹንም ዘንድሮ ወደ ታች በኩል አደርገዋለሁ አለች። ይህን ለእናቴ ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ምስኪን፣ ትቃዣለች» አለች። እታለም ግን አልቃዠችም፤ የምትናገረው ረጋ ብላ ነበር፤ የፍየሏን ባለቤት ስም እንኳ አልሳተችም።

ወሬዋን ስትጨርስ ታዲያ ወደ መስኮቱ ትልከኛለች። ከመስኮቱ የሆስፒታሉ በር ይታያል።

«እስቲ እይልኝ እናትዬ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው አለ?»

የመስኮቱ ደፍ ላይ ተንጠልጥዬ አያለሁ። ዘበኛው፣ ስንቅ የያዙ ሴቶች፣ በቃሬዛ የመጣ ሰው ይኖራል። ጃንጥላ የለም። «የለም» እላታለሁ፣ በልቤ ተመስገን እያልኩ። እሷ «ይሁን» ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ምን ያህል እንደምትጠብቃቸው አይ ነበር፤ ግን ሰው ሞትን እንዲህ የሚናፍቀው ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አጥሚቱን በውሃ ብቻ ነበር የምትጠጣው፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። ይህን ያህል ብቻ እየቀመሰች እየከሳች ሄደች። አንድ ጠዋት ጋሽ ከተማ በጠርሙስ ወተት ይዞ መጣ። እናቴ ወተቱን አየችው፣ እሱን አየችው። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አላት። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው፤ እኔ ያኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። እናቴ አጃውን በወተት አማሰለችው፣ ሽታው እንዳይታወቅ ዝንጅብል አበዛችበት።

እታለም የመጀመሪያውን ጉንጭ ዋጠችው። የሚቀጥለውን አፏ ውስጥ ያዘችው። ዓይኗ እናቴ ላይ ቆየ። እንደ ፍልሰታው ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። የያዘችውን ወደ መሐረቧ መለሰችው፣ አፏን ጠረገች፣ ስኒውን ለእናቴ አቀበለቻት።

«እጅሽ ይባረክ። ጠግቤአለሁ» አለች።

ከዚያ ዕለት ወዲያ ከእናቴ እጅ የወጣ ነገር አልቀመሰችም። ሽሮ ብንወስድላት ጠግባለች። ድንች ብንወስድላት አላሰኛትም። እናቴ በእመብርሃን ብትምልላት «አምንሻለሁ» ትላለች፣ አትበላም። የሚያሳዝነው፣ እናቴ ከዚያ ወዲህ የሠራችው ሁሉ እውነተኛ የጾም ምግብ ነበር። በጤና ጊዜ ቢሆን ይቆይና ይረሳል፣ ይታረቃሉም፤ አልጋ ላይ ሆኖ ግን ለዚያ የሚበቃ ጊዜ አልነበራትም።

የበላችው ከእትዬ ዘሃራ እጅ ነው። እትዬ ዘሃራ ከቤቷ የመጣላትን ዳቦ ቆርሳ ታሳያታለች። «ወላሂ ቅቤ አልነካውም፤ ዱቄትና ውሃ ነው። ባይሆንማ እኔ ላንቺ እሰጣለሁ?» እታለም ወላሂዋን አምና ቁራሿን ትቀበላለች፣ አማትባ ትጎርሳለች። ትንሽ ናት የምትጎርሰው፤ ግን ትጎርሳለች። እናቴ ይህን ከበሩ ላይ ቆማ አየች። እትዬ ዘሃራን አመስግና ኮሪደር ወጣች፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«የእናቴ ልጅ ከእጄ መብላት ጠላች» አለችው ጋሽ ከተማን።

«ሕመሙ ነው፣ አንቺን አይደለም» አላት። ሕመሙ አልነበረም፤ እሱም ያውቀዋል።

ሁለቱ በሽተኞች ብዙ ያወሩ ነበር። እኔ ስደርስ ያቋርጣሉ። ለልጅ የማይሆን ወሬ መስሎኝ አላስጨነቅኋቸውም። እታለም ለእኛ የምትለው ያው አንድ ነገር ነው፤ አባን ጥሩልኝ። እኛም መልስ አናጣም። መንገዱ ተበላሽቷል፤ የጾም ቅዳሴ በዝቶባቸዋል፤ እርሻ ላይ ናቸው፤ ተልኮባቸዋል፣ ይመጣሉ። የመጨረሻውን ጋሽ ከተማ ከተናገረ በኋላ እታለም ወደ መስኮቱ የምትልከኝ ደጋግማ ሆነ።

አባ ገብረየስ ግን ሳይጠሩ መጡ። ለሌላ ጉዳይ ከተማ ወጥተው ኖሮ መታመሟን ሰምተዋል። እኔና ጋሽ ከተማ ከሆስፒታሉ ስንወጣ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ቆመው አገኘናቸው፤ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ጫማቸው አቧራ ለብሶ።

«እንደምን ናት?»

«ደህና ናት አባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ተኝታለች። ሐኪሙም ሰው እንዳይገባባት ብሏል።»

«አላስጠራችኝም?»

ጋሽ ከተማ ዓይኑን ወደ ጫማቸው አወረደ። «ሰላም በሉልኝ ነው ያለችው።»

«ታዲያ ምን ላድርግላት?»

«ጸሎትዎ አይለየን እንጂ ምን ጎደላት።»

አባ መስቀላቸውን አወጡ። ጋሽ ከተማ ዘበኛው እንዳያየው ገልመጥ ብሎ ተሳለመ። መስቀሉ ወደ እኔ ሲዞር ነፍሴ እንዳትወጣ ጀርባው ሥር ተሸጎጥኩ። «አፍራ ነው» አሉ አባ ፈገግ ብለው። ከዚያ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ወደ መኪናው መቆሚያ ሄዱ። ጋሽ ከተማ ግንባሩን ጠረገ። «ለእታለም እንዳይነገራት፣ ትደነግጣለች» አለኝ። እኔ ሞትን ከበር የሚመልስ አጎት አለኝ ብዬ በኩራት ተከተልኩት።

ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ የእትዬ ዘሃራም ዳቦ አልዋጥ አላት። ሐኪሙ አንድ ጠዋት ሆዷን ሳይነካ፣ «በርቺ»ም ሳይላት፣ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጎላት አለፈ። አዲስ አበባን ያነሳ ሰው አልነበረም። ጋሽ ከተማ «እንግዲህ አሁን ይጠሩ» ያለው ያን ቀን ነው። ወደ ጎረቤላ በሚሄድ መኪና መልእክት ተላከ።

አባ ሲገቡ እታለም አወቀቻቸው። ዓይኗ ሰፋ፣ ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። እጇን ከብርድ ልብሱ ለማውጣት ስትታገል እትዬ ዘሃራ «እሰይ፣ መጡልሽ!» አለች። እኔ ነፍሷ ስትወጣ ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ። ብጠብቅ ብጠብቅ ጩኸት የለም። ስገልጠው አባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጇን ይዘዋል፤ እታለም እንባዋ በጆሮዋ በኩል እየወረደ ፊቷ ተፈትቷል። ከታመመች ጀምሮ እንዲያ ያለ ፊት አላየሁባትም። መስቀሉንም ስትሳለመው ምንም አልሆነችም። ያኔ ነው መፍራት የተውኩት።

ለኑዛዜው እኛ ወደ በረንዳው ወጣን። አባ ይጠይቃሉ፣ እሷ በእጇ ትመልሳለች። ጸሎታቸውን ጨርሰው ሲነሱ እትዬ ዘሃራ ጠራቻቸው። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማን።

«አባቴ፣ ፈቱላት?»

«እግዚአብሔር ይፍታት። ተናዝዛለች።»

«እሱን አይደለም። ጾሙን ነው የምልዎ።»

«የምን ጾም?»

እትዬ ዘሃራ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «እንዴ! ስትጠብቅዎት የከረመችው ለዚሁ አይደል? ‹መዳን እፈልጋለሁ ዘሃራ፤ ወተት ብጠጣ እበረታ ነበር፤ አባ ሳይፈቅዱልኝ ግን እንዴት አድርጌ› ስትለኝ አይደል የሰነበተችው? ለእህቷ ንገሪያት ብላት አፈረች። ‹በጾም ስቆጣት ኖሬ በምን አፌ› አለችኝ። አባ ሲመጡ ለሳቸው ብቻ እነግራቸዋለሁ ትላለች። በእኛስ ቢሆን ለታመመ ሰው ተፈቅዶ የለም? እኔማ እየተላከብዎት የቀሩ መስሎኝ ስረግምዎት ነበር፤ አፉ ይበሉኝ!»

እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ድምፅ አወጣች፤ ቃል አልነበረም። ከዚያ ነጠላዋ እየተጎተተ ወደ ግቢው በር ሮጠች። ወተት ከየት እንዳገኘች አላውቅም፤ ስትመለስ ትኩስ ስኒ ይዛለች። አባ ባረኩት። «ፈቅጄልሻለሁ ልጄ፣ ጠጪ» አሏት። እናቴ በማንኪያ ወደ አፏ አስጠጋችው። እታለም ከእናቴ እጅ ለመቀበል አፏን ከፈተች። ወተቱ ገባ፣ መልሶም በከንፈሯ ጥግ ወደ ትራሱ ፈሰሰ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ እንደገና ትሰጣታለች፣ እንደገና ትጠርጋለች። እታለም ዓይኗን ከእሷ ላይ አላነሳችም፤ መዋጥ ግን አልቻለችም። በማግስቱ አረፈች።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እታለም አባን ያስጠራችው ለመሞት አልነበረም፣ ለመኖር ነበር። የሚወዷት ሰዎች፣ አብዝተው ስለወደዷት፣ ተገላቢጦሹን ሰሙ። ኦፕራሲዮኑ ያድናት ነበር ወይ? እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። ወተቱን ግን ትጠጣው ነበር። እህቷን ሳትጠረጥር፣ ተርባም ሳትሰነብት ትሄድ ነበር።

ወተቱን በባረኩላት ዕለት፣ አባ ሊሄዱ ሲወጡ ጋሽ ከተማ በረንዳው ላይ እግራቸው ሥር ወደቀ። ዘበኛው ይየው አይየው ግድ አልሰጠውም። ያን ቀን ከበር ሲመልሳቸው እንደዋሸ፣ እታለም ደጋግማ ስታስጠራቸው እንደነበር ነገራቸው። አባ ክንዱን ይዘው አነሱት።

«ቢገቡ ትደነግጣለች ብዬ ነው አባ። ቄስ ስታይ አለቀልኝ ትላለች ብዬ ነው።»

«መግባትስ ለምን ያስፈልገኝ ነበር?» አሉ አባ። በቁጣ አልነበረም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። «ለጾሙማ፣ እዚያው በር ላይ ቆሜ በዚህች ልጅ እልክባት ነበር። ‹አባ ብዪ ብለውሻል› በያት ብላት ይበቃ ነበር።»

ጋሽ ከተማ ወደ እኔ ዞሮ ተመለከተኝ፤ ከዚያ ማየቱ አላስቻለውም። እናቴ ባዶውን ስኒ እንደያዘች በረንዳው ወለል ላይ ቁጭ አለች። ማናችንንም አላየችም።

«ስንት ጊዜ ‹አባን ጥሩልኝ› አለችኝ» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ‹ለምን ፈለግሻቸው?› ብዬ አልጠየቅኋትም።»